ቻሉዋይና «ማንም የሌለበት» ዳርቻ

አክስት ቻሉዋይ ስትናደድ አትጮህም። ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ቃሏ ያጥራል፣ እጇ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ለአስተማሪነት ወደዚህ የባህር ዳር መንደር፣ ወደ ሌም ሶን መጥቼ የእህቷን ልጅ ሳገባ፣ ባሌ መጀመሪያ ያስጠነቀቀኝ ይህንኑ ነው። «ስትጮህ አትፍሪ፣ ሰው እየጠራች ነው። ድምጿ ሲጠፋ ግን ሽሺ» አለኝ። ባለፉት አራት ዓመታት ድምጿ የጠፋበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ንዴቷ ተጋብቶብኛልና እኔም ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። አስታራቂ ሽማግሌ እንድሆን ማንም አይጠብቅብኝ።

ወደ እኛ መንደር እንግዳ አይመጣም ነበር። ቱሪስት የጫኑ ሚኒባሶች ወደ ትልቁ ደሴት መሻገሪያ ሲከንፉ በዋናው መንገድ ሽው ብለው ያልፋሉ፤ ወደ ሌም ሶን የሚታጠፈውን ቀይ መንገድ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። እኛም «ምነው ቀሩ» ብለን አናውቅም። ሠላሳ ስምንት ቤት ነን። ትምህርት ቤት አለን፣ የቡድሃ ገዳም አለን፣ በሸውሸዌ ዛፎች የታጠረ ረጅም አሸዋ አለን፤ አሸዋው ላይ ደግሞ የሴቶቹ ስጥ አለ።

ስጡ ሽሪምፕ የሚባለው የባህር ፍጥረት ነው፤ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ፣ ውሃ የመሰለ ደቃቅ ሽሪምፕ። በጨው ተለውሶ ሰሌን ላይ ይሰጣል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ተመልሶ ይሰጣል፣ እንደገና ይወቀጣል፣ ከዚያ በእንስራ ታፍኖ ወራት ይቀመጣል። ካፒ የምንለው ድልህ ይሄው ነው። ያለ እሱ ምግብ አይበላም። ይሸታል? አዎ፣ ይሸታል። የሚሸት ነገር ሁሉ መጥፎ ነው ያለው ማን ነው?

ቻሉዋይ የተወለደችው ውሃው ሲሞላ ከወለሉ ሥር በሚገባ፣ በእንጨት ቋሚዎች ላይ በቆመ ቤት ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቲየም የሚባል ዓሣ አጥማጅ አግብታ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች። ሠላሳ አንድ ሲሞላት የኅዳር ማዕበል ጀልባውን ገልብጦ ባሏን ወሰደው። አስከሬኑ ተገኝቶ እንደ ልማዳችን በተቃጠለ በሦስተኛው ቀን የሟቹን መረብ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ባህሩ ወረደች። በሁለት ረጃጅም ቀርከሃዎች መካከል የተወጠረ መረብ ነው፤ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሰዓታት እየገፉት ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ይህ የወንድ ሥራ ነበር፤ ሴት ስጡንና ሙቀጫውን ነው የምትይዘው።

ዳር ላይ የተቀመጡት ወንዶች ሳቁባት። «ቻሉዋይ ወንድ ሆነች እንዴ?» አላት አንዱ።

«ወንድ ብሆንማ እንደናንተ ተጋድሜ ታገኙኝ ነበር» አለችና ገብታ ሄደች።

በዚያ መረብ ልጆቿን አሳደገች። ትልቋ ራዮንግ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፣ ታናሿ አግብታ ቻንታቡሪ ናት። ሁለቱም «እማ፣ በቃሽ፣ ነይ ከኛ ጋር ኑሪ» ብለው በየዓመቱ ይለምኗታል። በየዓመቱ አንድ እንስራ ካፒ አሸክማ ትመልሳቸዋለች።

የዛሬ አራት ዓመት በየካቲት፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ልጅ እግር ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። ፓኮርን ይባላል፤ የባንኮክ ልጅ ነው። እጆቹን አጋጥሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና፣ «መምህርት፣ እዚህ የሚታደርበት ቦታ ይኖራል? ሰው የማያውቃቸውን ዳርቻዎች እየዞርኩ ነው የምጽፈው» አለኝ። ሆቴል እንደሌለ ነገርኩት። ቀጥዬ ያልኩትን ነው ዛሬም የሚቆጨኝ፦ «አክስት ቻሉዋይ ዘንድ እደር፣ ሰፊ ቤት አላት።»

ሦስት ቀን ሰነበተ። የራሷን የትንኝ አጎበር አወረደችለት። ሸርጣን ቀቀለችለት፣ የተጠበሰ ዓሣ በካፒ ማባያ አቀረበችለት፤ ሦስት ሳህን ሩዝ ነው የበላው። በሁለተኛው ቀን ሆዱን ሲያመው ዝንጅብል አፍልታ አጠጣችው፣ ጀርባውን አሸችው። ከእሷ ጋር ባህር ገብቶ መረቡን ሊገፋ ሞክሮ በአፍጢሙ ተደፋ፤ መንደሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እሱም ሳቀ። ሲሄድ «አክስቴ፣ እንደ እናቴ ነዎት፣ አልረሳዎትም» ብሏት ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ጽሑፉ በኢንተርኔት ወጣ። ተማሪዎቼ ስልኬ ላይ አሳዩኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ስጡ ሮጥኩ። «አክስቴ፣ ጻፈ! ነይ ላንብብልሽ!»

እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ፎቶው ውብ ነው፤ አሸዋ፣ ባህር፣ ሸውሸዌ። እሷ ግን በጣቷ ስክሪኑን እየነካች፣ «ቤቴ የት አለ? እዚህ ጋ ነበር መታየት ያለበት» አለች። ቤቷ ተቆርጧል። ሰሌኖቹም፣ ጀልባዎቹም ተቆርጠዋል። ማንበብ ጀመርኩ። «ሰው ያልደረሰበት ዳርቻ… ሦስት ቀን ሙሉ ከራሴ ኮቴ በቀር የሰው ዱካ አላየሁም… እዚህ ማንም የለም፤ ባህሩና አንተ ብቻ…»

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት።

«ማንም የለም ነው የሚለው?»

«እንዲህ… ለማሳመር ብሎ ነው አክስቴ።»

«እኔ ምንድን ነኝ?» አለች። ድምጿ በጭንቅ ነው የተሰማኝ። «ሩዙን ማን ቀቀለለት? ሬሳ ነው የቀቀለለት?» ከዚያ ተነስታ ዘነዘናውን አነሳች፤ እስኪመሽ ስትወቅጥ ዋለች። ማንም አላናገራትም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት መኪና፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ የአውራ ጎዳናው መታጠፊያ ላይ ወረፋ። ልጆቻችን ኮኮናት ሸጡ፣ ደስ አላቸው፤ አልዋሽም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እንግዶቹ መኪናቸውን ስጡ ላይ ያቆማሉ። አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ይዛ አክስት ቻሉዋይ ፊት ቆመችና፣ «እናቴ፣ ይህን ነገር ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያነሱልን ይችላሉ? ፎቶው ውስጥ ገባብን» አለቻት።

«አንቺ ነሽ የእኔ ስጥ ውስጥ የገባሽው» አለቻት ቻሉዋይ።

በዓመቱ ራቻኒ የተባለች የባንኮክ ባለጸጋ ከሸውሸዌዎቹ ጀርባ ያለውን መሬት ገዝታ አሥራ አንድ ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሠራች። ጥሩ ልብስ የምትለብስ፣ ሰውን በትሕትና የምታናግር ሴት ናት። ትሕትናዋ ራሱ ያናድዳል። የማረፊያው ምግብ ቤት ወዲያው ዝነኛ ሆነ። እንግዶቹ «እንደዚህ ያለ የካፒ ማባያ በሕይወታችን ቀምሰን አናውቅም» እያሉ በኢንተርኔት ይጽፋሉ። ካፒው የማን ነው? የአክስት ቻሉዋይ ነዋ! የማረፊያው ምግብ አብሳይ የመንደራችን ልጅ ስለሆነች በየሳምንቱ ከእሷ ነው የምትወስደው። እነዚያው እንግዶች፣ በዚያው ገጽ፣ ዝቅ ብለው ደግሞ «ዳርቻው ላይ የሚሰጣው ነገር ሽታ አያስቀምጥም፤ አንድ ነገር ይደረግ» ብለው ይጽፋሉ። ይህን ሳነብላት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«እንግዲህ ካፒ ከሰማይ የሚወርድ መስሏቸዋል» አለች። በማግስቱ ምግብ አብሳይዋ ባዶ ማሰሮዋን ይዛ ስትመጣ በር ላይ መለሰቻት።

«አክስቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ምንም። ለእመቤትሽ ንገሪያት፦ የማይሸት ካፒ የሚሠራ ከተገኘ ከእሱ ትግዛ።»

ብዙም ሳይቆይ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። ዳርቻው የሕዝብ ነው፣ ስለዚህ ሕዝቡ ከላዩ ይነሳ ይላል፤ በእኔ ቋንቋ ሲጠቀለል ማለቴ ነው። በደብዳቤው ላይ «የምግብ ማድረቅ ተግባር የአካባቢውን ገጽታ ያበላሻል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ሳነብላት ሦስት ጊዜ «ገጽታ» አለች፣ ለመትፋት እንደሚቸግር የዓሣ እሾህ።

ስብሰባው የገዳሙ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። የወረዳው ሹም ከፊት ተቀመጠ፣ ራቻኒ ነጭ ለብሳ ከጎኑ። የመንደራችን አለቃ ቡንርዋንም ነበረ፤ የቻሉዋይ የአጎት ልጅ ነው። ልጁ ማረፊያው ውስጥ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሮለታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ስብሰባው እስኪያልቅ መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ።

ሹሙ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። የፓኮርን ጽሑፍ ነው! በቀለም ታትሟል። «ይህ የእኔ ቃል አይደለም» አለ። «ዳርቻውን የጎበኘ ሰው የመሰከረው ነው። እንግዳ የሚመጣው ባዶነቱን፣ ጸጥታውን ፈልጎ ነው። ክፍለ ሀገራችን ገና ያልታወቀ ሀብት አለው…»

አክስት ቻሉዋይ ተነሳች። እጆቿን አጋጥማ ጎንበስ አለች። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ይጠይቁ እናቴ።»

«ይህን የጻፈው ልጅ ሦስት ቀን የማንን ሩዝ በላ?»

«እሱን… እንግዲህ…»

«ሆዱን ሲያመው ጀርባውን ማን አሸው? ማንም ከሌለ ማን አሸው? ጂኒ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሹሙም ሳቅ አመለጠው፤ ራቻኒ ብቻ አልሳቀችም። «አክስቴ፣ እኛ እርስዎን ለመጉዳት አይደለም» አለች በለስላሳ ድምፅ። «ከገዳሙ ጀርባ ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ቢያሰጡት ለሁላችንም…»

«ከገዳሙ ጀርባ ነፋስ አለ?»

«እ?»

«የባህር ነፋስ። ካፒን የሚያደርቀው ፀሐይ ብቻ ይመስልሻል? አታውቂም። የማታውቂውን ነገር ተናጋሪ ሆነሽ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሻል፤ የሚያውቀው ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ አፉን ዘግቷል።» ይህን ስትል ያየችው ቡንርዋንን ነው። ጆሮው ቀላ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሳኔው መጣ። ከማረፊያው ፊት ለፊት ያለው አሸዋ በሙሉ ተከለከለ፤ ገመድ ተወጠረበት። ለእኛ የመንደራችን ወንዝ ባህር ከሚገባበት አጠገብ ስድሳ እርምጃ ቦታ ቀረልን። ዘጠኝ ሴቶች ያሰጡበት የነበረው ቦታ ሁሉ ተረስቶ ስድሳ እርምጃ! አራቱ ሥራውን ተዉት። ከአራቱ ሁለቱ ዛሬ ማረፊያው ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ። አክስት ቻሉዋይ አልወቀሰቻቸውም፤ «ልጆች አሏቸው» አለች። ባህር ለመግባት ግን በሌላ መንገድ ዞራ አታውቅም። በየጠዋቱ መረቧን ተሸክማ፣ ገመዱን በእግሯ ረግጣ፣ ቁርስ በሚበሉት እንግዶች ፊት ለፊት ታልፋለች። ጥበቃው፣ የቡንርዋን ልጅ፣ «አክስቴ፣ እባክሽ፣ ሥራዬን ታሳጪኛለሽ» ይላታል። «እንግዲያው ዓይንህን ጨፍን» ትለዋለች። ይጨፍናል።

ፓኮርን የተመለሰው ባለፈው ዓመት ነው፤ ራቻኒ ጋብዛው። ከመጣ በኋላ ወደ አክስት ቻሉዋይ ቤት ሄደ፣ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዞ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከደረጃው ሥር ቆሞ «አክስቴ!» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ከላይ አየችው። «ማን ነህ?»

«ፓኮርን ነኝ! ረሱኝ እንዴ?»

«እዚህ ማንም የለም» አለች። «ተመለስ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ለበጎ ነው። ስምዎን ያልጻፍኩት ሰው መጥቶ እንዳያስቸግርዎት ብዬ…»

«የበላበትን ወጪት ሰባሪ!» ደረጃውን ወረደች፣ ድምጿ ግን እየጠፋ ነው። «ልጅ ሆይ፣ ስማኝ። ቤቴን ከፎቶው ስትቆርጥ እጅህ አልተንቀጠቀጠም? ያን ወረቀት ነው ሹሙ ያነበበብኝ። በአንተ ወረቀት ነው ከአሸዋዬ ያስነሱኝ።»

«እኔ አላወቅሁም…» አለ። እውነቱን ይመስለኛል፤ አላወቀም። ግን አለማወቁ ንዴቴን አላበረደውም፤ እንዲያውም ጨመረው። አንድ ሰው የሚጽፈው ነገር የት እንደሚደርስ ማሰብ ያቅተዋል? «አንባቢ የሚወደው እንደዚያ ዓይነቱን ነው፤ ባዶ ቦታ ይወዳሉ» አለ፣ ድምፁን አሳንሶ።

«እንግዲያው አሁን ሰው ያለበትን ጻፍ።»

ጻፈም። ከመጀመሪያው የባሰውን ጻፈ። «የዳርቻው የመጨረሻዋ ካፒ ወቃጭ» ብሎ ስትወቅጥ ያነሳትን ፎቶ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ከፊቷ መጨማደድና ከእጇ ጅማት ጋር አወጣው። የመጨረሻዋ! ከጎኗ አራት ሴቶች እየወቀጡ፣ እነሱን ደግሞ ቆርጧቸዋል። በማግስቱ ሰው ከነካሜራው የቤቷ ደረጃ ላይ ተኮለኮለ። «እናቴ፣ እስኪ አንዴ ይውቀጡልን።»

ራቻኒ ራሷ መጣች። በማረፊያዋ በረንዳ ላይ ሙቀጫ አስቀምጣላታለች፣ የባህል ልብስ አሰፍታላታለች፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለእንግዶች ወቅጣ ብታሳይ ጥሩ ደመወዝ እንደምትከፍላት ነገረቻት።

«ምኑን ነው የምወቅጠው?» አለች አክስት ቻሉዋይ።

«ትንሽ ብቻ፣ ለማሳያ። ሽታው እንዳይበዛ።»

አክስት ቻሉዋይ ወደ ቤት ገባች። በሩን ዘጋችው። እኔ በንዴት አለቀስኩ፤ እሷ ቁጭ ብላ የመረቧን ቀዳዳ ጠቀመች።

ራቻኒ ከሌላ ክፍለ ሀገር ሴት አስመጣች። አንድ ቀን ማለዳ አክስት ቻሉዋይ ከባህር ስትመለስ፣ ውሃው ከቀሚሷ እየተንጠባጠበ፣ በረንዳው ላይ ያችን ሴት አየቻት። ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ዘነዘናውን እንደ መጥረጊያ ይዛ፣ ከገበያ የተገዛ ካፒ ትነካካለች። ሰዎች ፎቶ ያነሳሉ። አክስት ቻሉዋይ መረቧን አሸዋው ላይ ጥላ በቀጥታ ወጣች። እኔ ልትመታት ነው ብዬ ከኋላዋ ሮጥኩ።

ዘነዘናውን ነጠቀቻት። ሴትዮዋ ፈርታ ወደ ኋላ ሸሸች። «እናቴ፣ ሥራ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ከሩቅ ነው የመጣሁት።»

አክስት ቻሉዋይ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ «እጅሽን አምጪ» አለቻት። «እንዲህ ከያዝሽው በሁለት ወር ትከሻሽ ይሞታል። ከወገብ ነው የሚወቀጠው። እዪ።» ሁለቴ መትታ አሳየቻትና ዘነዘናውን መለሰችላት። ወደ እንግዶቹ ዞር እንኳ አላለችም። ወደ ቤት ስንሄድ ፊቷ የከሰመ ፍም ይመስል ነበር። «በእሷ ልናደድ አልቻልኩም» አለችኝ። «ይህን ነው ይቅር የማልላቸው። የምናደድበትን ሰው እንኳ ከፊቴ አንስተው ድሃ አቆሙበት።»

በዚያ ቀን የሆዴን ነገርኳት። «ፓኮርንን ወደ አንቺ የላክሁት እኔ ነኝ። ያኔ ዝም ብል ኖሮ…»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለች። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር፤ አላጽናናችኝም። «እንግዲህ ለቅሶውን ትተሽ እጅሽ የሚችለውን ሥሪ። ለሚቀጥለው ደብዳቤ መልሱን አንቺ ነሽ የምትጽፊው።»

የሚቀጥለው ደብዳቤ በእርግጥም ከወረዳው መጣ። በዚህ ዓመት፣ ከዝናቡ በፊት፣ ስድሳዋን እርምጃ ደግሞ ለመኪና ማቆሚያ ፈለጓት። በዚህ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አልተቀመጥንም። እኔ ጻፍኩ፤ ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን ከማን እንደወረሰ፣ የትኛው ስጥ የማን እንደነበረ። አክስት ቻሉዋይ ወረቀቱን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። አንሶላ አጣቢዎቹ ሁለት ሴቶችም ፈረሙ። የመጨረሻው ቡንርዋን ነበር። ከቤቱ ደጃፍ ተቀመጠችበት፤ ሁለት ቀን። ሦስት ዓመት ሰላም ያላለችውን የአጎቷን ልጅ «ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ» ትለዋለች፣ በየሰዓቱ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ራሷ እስክሪብቶ ይዛ ወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችው።

የወረዳው ሹም ፊርማዎቹን ቆጠረ፣ ወረቀቱን አገላበጠ፣ «ጉዳዩን እናጠናዋለን» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ዕቅዱ አልተሰረዘም። መኪና ማቆሚያውም አልተሠራም። ስድሳዋ እርምጃ እስከዛሬ በእጃችን ናት።

ስድሳዋ እርምጃ አልተወሰደችብንም የሚለውን ዜና ይዤ ስሮጥ አክስት ቻሉዋይ ስጡ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር።

«ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«በምኑ? የራሴን አሸዋ ስላልቀሙኝ ልጨፍርላቸው?» አለችና ሰሌኑን በሌላ ጎኑ ገለበጠችው። «ነይ፣ ያንን ጫፍ ያዢልኝ። ደመና እየመጣ ነው።»